ሦስት ማር፣ አንድ እሬት

አንተ አንባቢ፣ እስቲ ሳትዋሽ መልስልኝ፤ ሽፋኑን እንኳ ያልገለጥከውን መጽሐፍ «ግሩም ነው!» ብለህ ያመሰገንከው ስንት ጊዜ ነው? ቁጥሩ ከጠፋብህ አትደንግጥ፤ ብዙ ባልንጀራ አለህ። ከእነዚህ ባልንጀሮችህ መካከል ሃያ ሦስቱ ማኅበር አቋቁመው፣ ሕግ አውጥተው፣ ውሸታቸውን «መደጋገፍ» የሚል የቁልምጫ ስም ሰጥተውት ይኖሩ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ እስኪሞት ድረስ ምን እንደሚሠሩ የጠየቃቸው አልነበረም።

የሞተው እሑድ ከቀኑ ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ከባለ አራት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ሰገነት ተወርውሮ፣ ጓሮ ካሉት የቆሻሻ በርሜሎች አጠገብ ወደቀ። ጥበቃው ሮጦ ሲደርስ እስትንፋሱ አልነበረም። ሟቹ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ፣ ከጤፍ የማይበልጥ ጥርስ ያለውን መዘውር በወረንጦ ሲያነሳና ሲያስቀምጥ ይውላል። ሲያርፍ ደግሞ የኮምፒውተር ጨዋታ ይሠራል።

ማኅበሩ በየሦስት ወሩ «ጃም» የሚሉት ውድድር ነበረው። አባላቱ ዓርብ ማታ በዚሁ ሕንፃ ይሰበሰባሉ፤ እስከ እሑድ ስድስት ሰዓት ድረስ እያንዳንዱ አንድ ጨዋታ ሠርቶ በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ይጭናል። ከዚያ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሠሩት ሰዎች አንዱ የሌላውን ጨዋታ ተጫውቶ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አስተያየቱን በስሙ ይጽፋል። የጻፉት አይሰረዝም፣ አይታረምም። ለአጻጻፉም ሕግ አለው፤ ሦስት ማር፣ አንድ እሬት። ሦስት ሙገሳ ሳታስቀድም አንዲት ነቀፋ መወርወር ነውር ነው። ሕጉ ሲታይ ያምራል። ይሁን እንጂ ማር በግዴታ በሚሰፈርበት ቤት ሰው ንብ ማነብ ትቶ ስኳር መበጥበጥ ይጀምራል፤ እነዚህም የሆኑት ይህንኑ ነው።

ሰኞ ጠዋት ማኅበሩ በዚያው ድረ ገጽ ላይ ደብዳቤ አወጣ። ሰዓት ጠጋኙ ራሱን የጣለው «መዶሻ» በምትባለው አባል ጨካኝ አስተያየት ልቡ ተሰብሮ ነው፤ ሕጉን ጥሳ ማር ሳታቀምስ እሬት ግታዋለች፤ የወንድማችን ደም በእጇ ነው ይላል ደብዳቤው። አሥራ ዘጠኝ ሰው ፈርሞበታል። በአንድ ቀን ውስጥ ደብዳቤው ልጅቷ የምትሠራበት ማተሚያ ቤት ደጃፍ ላይ ተለጥፎ ተገኘ።

ዶሴው ባልደረቦቿ «ወስፌ» ለሚሏት መርማሪ ደረሰ። ወስፌ አምሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ሞኝ ሰው ሲያናግራት ጥርሷን የሚበላት ሴት ናት።

«ራሱን ነው የጣለው፤ ደብዳቤም ወጥቷል። እስከ ረቡዕ ዝጊው» አላት አለቃዋ።

«ደብዳቤው የሐኪም ነው?»

«የጓደኞቹ።»

«እንግዲያው ሬሳውን ልጠይቅ» ብላ ወጣች።

ሬሳው የሚለውን አለ። የሰዓት ጠጋኙ ነጭ ሸሚዝ ከወገቡ በላይ፣ በጀርባው በኩል፣ አግድም በዛገ ብረት ተሰምሯል። የጫማው ሶል ግን ንጹሕ ነው። ወስፌ ወደ ሕንፃው ሄዳ አራተኛ ፎቅ ወጣች። የሰገነቱ የብረት መከለያ ወገብ ላይ ይደርሳል፤ ቀለሙ ተልጦ ዝጓል። ሊዘል የፈለገ ሰው እግሩን ያነሳል፣ ይወጣል፣ ይረግጣል፤ ዝገቱ ጫማው ላይ ይቀራል። ይህ ሰው ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ አንድ ሰው አዙሮ ነው የሄደው።

ከሰገነቱ ጋር በተያያዘችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ሟቹ ይሠራበት የነበረው ጠረጴዛ አለ። ላፕቶፑ ተከፍቶ እንደነበረ ነው። ፊት ለፊቱ ሁለት በርጩማዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ማውሱ በላፕቶፑ ግራ በኩል ነው።

ጥበቃው ከኋላዋ ቆሞ ኮፍያውን ያሻሻል።

«ማን ማን ነበር እዚህ?»

«እሑድ በሩ ቁልፍ ነው እትዬ፤ የሚገባም የሚወጣም እኔ መዝገብ ላይ ይፈርማል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሌላው ወደየቤቱ ሄደ። የማታውን የመዝጊያ ዝግጅት እናሰናዳለን ብለው የቀሩት አምስት ናቸው፤ ሟቹ፣ ሰብሳቢው፣ ሥዕል ሠሪው፣ ሙዚቃ ሠሪው፣ እና ያቺ ፊቷ የማይፈታው ልጅ።»

«ከወደቀ በኋላ እዚህ የወጣ አለ?»

«ወይ ፍንክች! ወዲያው የደረጃውን በር ቆለፍኩት። ሰብሳቢውና ሥዕል ሠሪው ዕቃውን እንሰብስብለት ብለው ሲለማመጡኝ ነበር። እኔ ደግሞ እንቢ ካልኩ እንቢ ነው፤ ሚስቴን ጠይቂያት።»

ወስፌ ማክሰኞ ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ደረሰች። መዶሻ ከቀለም በጠቆሩ ጣቶቿ ወረቀት ትቆጥራለች፤ ማሽኑ ስለሚጮህ ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የተነጋገሩት።

«መዶሻ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?»

«እስከ እሑድ ነው። ከሰኞ ወዲህ ገዳይ ነው የሚሉኝ።»

«ገድለሻል?»

ልጅቷ ወረቀቱን አስቀመጠች። «አላውቅም እትዬ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ሲፈርምብሽ አንቺስ ራስሽን አትጠራጠሪም?»

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«'በሩ አልከፈት አለኝ። ክፍሉን አርባ ደቂቃ ዞርኩት። ያላለቀ ነገር አታምጣ፤ አንተ ከዚህ የተሻለ ትችላለህ።' አለቀ።»

«ማሩስ?»

«ያላየሁትን ምን ብዬ ላጣፍጠው? እኔ የደረስኩት በሩ ድረስ ነው፤ የጻፍኩትም በሩን ነው።»

«በየትኛው ኮምፒውተር ተጫወትሽ?»

«በራሴ። ከገጹ አውርጄ። ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ጻፍኩ፤ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ከሥሩ 'አመሰግናለሁ' ብሎ መለሰልኝ። አሁን ጋሼ ሰብሳቢ ያ ቃል ስንብት ነበር እያለ ለሰው ያወራል።» ዓይኗ ሞላ፤ ግን እንዳይፈስ ታገለችው። «እውነቱን ንገሪኝ። ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሞታል?»

«ቢሞትማ አለቃዬ ከሃያ ዓመት በፊት በቀበረኝ ነበር» አለች ወስፌ። «ሥራሽን ሥሪ። ረቡዕ ስጠራሽ ግን እንዳትቀሪ። አንገትሽን እንዳትደፊም።»

ሠዓሊው ቤቱ ውስጥ፣ በሸራና በቀለም ቆርቆሮ ተከቦ ተቀበላት። ሐዘኑን በጥቁር ሹራብና በጥቁር መነጽር አሟልቶ ለብሷል።

«ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ለሰዓት ጠጋኙ ጨዋታ አስተያየት ጽፈሃል። 'መጨረሻው አስለቀሰኝ' ይላል።»

«አዎ እትዬ። እስካሁንም ያስለቅሰኛል።»

«የት ላይ ነው ያለቀስከው?»

«እ… መጨረሻው ላይ።»

«መጨረሻው ምንድን ነው?»

ሠዓሊው መነጽሩን አስተካከለ። «ጥበብ እኮ እትዬ፣ እንዲህ እንደ ፖሊስ ሪፖርት አይተረክም።»

«በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ለአራት ጨዋታዎች ጽፈሃል። በአራቱም አልቅሰሃል። ዓይንህን ሐኪም አይቶታል?»

«በየትኛው ኮምፒውተር ነው የተጫወትከው?» ብላ ስትጨምርበት «በራሴ፤ ከገጹ አውርጄ» አለ። ውሸት ያልለመደ ሰው ይንተባተባል፤ የለመደ ሰው አያላበውም። ሠዓሊው ከሁለተኛዎቹ ነበር። እሷ ስትወጣ ስለ መዶሻ ጭካኔ ሊያወራት እስከ ደጅ ተከተላት።

ሙዚቀኛው የባሰ ነበር። የጻፈው «የጨዋታው ሙዚቃ ልብን ሰርስሮ ይገባል» የሚል ነው። እሱም በራሱ ኮምፒውተር፣ ከገጹ አውርጄ አለ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ከሠዓሊው ጋር የማታው ዝግጅት በሚደረግበት አዳራሽ ውስጥ ወንበር ሲደረድሩ ነበር፤ ሠዓሊውም ይህንኑ ብሏል። መዶሻ ደግሞ በዚያው ሰዓት በር ላይ ከጥበቃው ጋር ሻይ ትጠጣ ነበር። ይህን ጥበቃው ራሱ መሰከረ። መስክሮም «ስኳር አትወድም» ብሎ ጨመረበት።

ሰብሳቢው በማሠልጠኛ ተቋም ያስተምራል። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ የተለሳለሰ፣ ጢሙ የተስተካከለ፣ የቢሮው ግድግዳ በምስጋና ወረቀት የተሞላ። ሰዓት ጠጋኙ ጨዋታ መሥራትን የተማረው ከእሱ ነው። «ሦስት ማር፣ አንድ እሬት»ም የእሱ ፈጠራ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲያስተምር፣ ሲጽፍና ሲመሰገንበት ኖሯል። እሑድ ማታ ከአንድ ትልቅ ማሠልጠኛ ድርጅት የሚመጡ እንግዶች ዘዴውን በየቅርንጫፋቸው ሊያስገቡ፣ እሱንም ኃላፊ አድርገው ሊሾሙ ቀጠሮ ነበራቸው። በሞቱ ምክንያት ወደ ረቡዕ ተላልፏል። ሰው ሞቶ ቀጠሮው በሦስት ቀን ብቻ ነው የተገፋው።

«እሱ ልጄ ነበር ክብርት መርማሪ» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ልጅቷንም አልጠላትም። ግን ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል።»

«ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ የት ነበሩ?»

«ሁለተኛ ፎቅ። የማታውን ንግግሬን ስጽፍ።»

«ጨዋታውን ተጫውተዋል?»

ፈገግ አለ። «እኔ ካልተጫወትኩ ማን ይጫወታል? በራሴ ኮምፒውተር፣ ከገጹ አውርጄ፣ እስከ መጨረሻው። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ የጻፍኩትን ያንብቡት፤ ለአርአያነት የሚሆን ነው።»

ወስፌ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። «ማር አንድ፦ ሙዚቃ አለመኖሩ ድፍረት ነው፤ የሰዓቶቹ ድምፅ ብቻ ይበቃል። ማር ሁለት፦ እያንዳንዱ ሰዓት የራሱ እርምጃ አለው። ማር ሦስት፦ በሦስተኛው ክፍል ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠችው አሮጊት በሹራብ መሥሪያ ዘንጓ ጆሮዋን ስትፍቅ ሳቅሁ፤ ሳቄን ሳልጨርስ ዞራ ስታየኝ ደነገጥኩ። እሬት፦ ቶሎ ዞረች። ተጫዋቹን ትንሽ አስጠብቀው።»

ከዚያ ሁሉ የስኳር ውኃ በኋላ የመጀመሪያው ማር ነበር። ወስፌ በልቧ «ቢያንስ አንዱ ሰው ተጫውቷል» ብላ ቃሉን እንዲፈርም ወረቀት ሰጠችው። በግራ እጁ ፈረመ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ ተቀምጣ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የኮምፒውተር ጨዋታ ለመጫወት ተነሳች። ከእሷ በፊት አሥራ ዘጠኝ ሰው ስለዚህ ጨዋታ ፈርሟል፤ እሷ ግን ያልቀመሰችውን ወጥ ጨው አነሰው የማለት ልማድ የላትም። ከድረ ገጹ አወረደችው። አንድ ክፍል፣ ግድግዳው ሙሉ ሰዓት፣ አንድ በር። ሁሉንም ሰዓት ነካች፣ ምንጣፉን አነሳች፣ ጥግ ጥጉን ፈተሸች። በሩ አልተከፈተም። ሃምሳ ደቂቃ ታገለች። በመጨረሻ የክፍሉን የኮምፒውተር ባለሙያ ጠራችው።

ባለሙያው የፋይሉን ሆድ ዕቃ ከፍቶ አየና ሳቀ። «እትዬ፣ በከንቱ ነው የደከምሽው። ከበሩ ኋላ ምንም የለም። ተበላሽቶ እንዳይመስልሽ፤ ሆን ብሎ ነው የቆረጠው። ገጹ ላይ የጫነው ይህችን አንዲት ክፍል ብቻ ነው።»

ወስፌ መነጽሯን አድርጋ የአራቱን ሰዎች አስተያየት እንደገና አነበበች። ከዚያ «የሟቹን ላፕቶፕ አምጣልኝ። እህቱንም ጥራልኝ» አለች።

ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ደረቷ ላይ መርፌ እንደሰካች ነው የመጣችው። ወንድሟ ቅዳሜ ደውሎ «እሑድ ማታ እንዳትቀሪ፣ አንድ ነገር አነባለሁ» ብሏት ነበር። ላፕቶፑ ውስጥ ሙሉው ጨዋታ ተገኘ፤ አራት ክፍል። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ተጫወቱት። እህቱ ቁልፍ ትጫናለች፣ ወስፌ ትተቻለች። ሙዚቃ የለም፤ ሰዓቶቹ ብቻ ይቆጥራሉ። ሦስተኛው ክፍል ሲደርሱ ጀርባዋን የሰጠች አሮጊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ዘንጓን አነሳችና ጆሮዋን ፋቀች።

እህቱ ሳቀች። ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «አክስታችን! አክስታችን ናት እትዬ! እንዲህ ነበር የምታደርገው!» ከዚያ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች።

«ይህች አሮጊት መቼ ነው የገባችው?» ስትል ወስፌ ባለሙያውን ጠየቀችው።

«ስድስት ሰዓት ላይ በተቀመጠው ቅጂ ወንበሩ ባዶ ነው። የተጨመረችው ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው። የመጨረሻው ቅጂ የተቀመጠው ለስምንት አሥር ጉዳይ ላይ። ከዚህ ኮምፒውተር ወጥቶ የትም አልሄደም፤ አልተላከም፣ አልተገለበጠም። እዚህ ደግሞ አጭር ጽሑፍ አለ፤ ለማታ ያዘጋጀው ንግግር ይመስላል።»

ወስፌ ንግግሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ለእህቱም ሰጠቻት።

ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት አዳራሹ ሞላ። የማኅበሩ ሃያ ሁለት አባላት፣ ሁለቱ የድርጅት እንግዶች፣ ጥበቃው፣ እህትየው። መዶሻ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ግራና ቀኟ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ለምጽ ያለባት ይመስል ሁሉም ሸሽቷታል። ወስፌ መድረኩ ላይ ወጣች። ጎንበስ ቀና የለም፣ መግቢያ የለም።

«ሰዓት ጠጋኙ ራሱን አልጣለም። ጀርባው ዝገት ነክቷል፣ ጫማው አልነካም። ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ራሱን አይወረውርም። የተገፋ ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሠዓሊው «ወይኔ!» አለ፤ ማልቀስ ለእሱ ቀላል ነው።

«ዝም በሉ። እዚህ ሕንፃ የነበሩት አራት ናቸው። አራቱም ስለ ጨዋታው ጽፈዋል። አራቱንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው፤ በየትኛው ኮምፒውተር ተጫወታችሁ? አራቱም 'በራሴ፣ ከገጹ አውርጄ' አሉ። መልካም። እኔም ከገጹ አወረድኩ። ከገጹ የሚወርደው ጨዋታ አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው። በሩ አይከፈትም፤ ከበሩ ኋላም ምንም የለም። ሟቹ ሆን ብሎ ነው እንደዚያ የጫነው። ለማታ ያዘጋጀው ንግግር ይኸውና።» ወረቀቱን አነሳች። «'ወዳጆቼ፣ ያስገባሁላችሁ ጨዋታ ሁለት ደቂቃ የተጫወተው ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚችል ጉድለት አለው። አሁን የጻፋችሁልኝን አነባለሁ። ሰዓት ሲበላሽብኝ ጥሩ ነው የሚለኝ ሰው አይጠግንልኝም።'»

ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ሠዓሊው በሌለ መጨረሻ አለቀሰ። ሙዚቀኛው በሌለ ሙዚቃ ልቡ ተሰረሰረ። እነዚህ ሁለቱ ውሸታሞች ናቸው። ይሁን እንጂ ስለ ጨዋታው ምንም የማያውቅ ሰው በዚያ ክፍል እንዳልነበረ ውሸቱ ራሱ ይመሰክርለታል። ስንፍናቸው ከግድያ አዳናቸው፤ ያመስግኗት። መዶሻ በሩ አልተከፈተም አለች፤ በሩ አይከፈትም። ከአራቱ ሟቹ የጫነውን ጨዋታ ከፍታ ያየችው እሷ ብቻ ናት፤ ሟቹም ያመሰገነው እሷን ብቻ ነው። ስንብት አልነበረም። ከልቡ ነው።»

መዶሻ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ወስፌ ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞረች። «አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ፣ ጋሼ ሰብሳቢ። እርስዎ ስለ አሮጊቷ ጻፉ። ዘንጓን፣ ጆሮዋን፣ አዟዟሯን። አሮጊቷ ያለችው በሟቹ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። የተፈጠረችው ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው፤ እርስዎ የጻፉት ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ። በራሴ ኮምፒውተር ብለው ፈርመውልኛል። እንዴት አወቋት?»

ሰብሳቢው ፈገግታውን አልጣለም። «ክብርት መርማሪ፣ ምናልባት… ከልጆቹ መካከል አንዱ ነግሮኝ ይሆናል። ወሬ ነው።»

«ልክ ነዎት» አለች ወስፌ ወዲያው፤ ወደ ሁለቱ እንግዶችም ዞረች። «እንዲያ ከሆነ ጥፋተኛ አይደሉም። ክቡራን፣ ልትሾሙት የመጣችሁት ሰው እንደ ሠዓሊውና እንደ ሙዚቀኛው ነው። ጨዋታውን አልተጫወተም። ከሰው የሰማውን ገልብጦ፣ በማርና በእሬት ከፋፍሎ፣ ለአርአያነት ብሎ አቀረበው። አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማረው ይህንን ነው። ስለ አሮጊቷ የጻፈው ሁሉ የተዋሰው ነው፤ አንዲት ቃል የራሱ የለበትም።»

እንግዶቹ ተያዩ። አንደኛው ብዕሩን ኪሱ ውስጥ መለሰ። ያቺ ብዕር ወደ ኪስ ስትገባ የሰብሳቢው ፊት ተለወጠ።

«የራሴ ነው!» ብሎ ተነሳ። «ተጫውቻለሁ! ከእነዚህ ሁሉ አህዮች እኔ ብቻ ነኝ የተጫወትኩት! ክፍል በክፍል፣ ሰዓት በሰዓት! አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፣ ስስቅ እሱም ሲስቅ ነበር…»

ቃሉን መልሶ ሊውጠው አፉን ከፈተ፤ የወጣ ቃል ግን አይዋጥም።

«ቁጭ በል» አለች ወስፌ። እስካሁን የሰጠችውን «እርስዎ» እዚያው ቀማችው። «ሁለት በርጩማ ነበር። ማውሱ በግራ ነበር። ግን ግራኝ መሆን ወንጀል አይደለም፤ እናቴም ግራኝ ናት። የያዘህ የገዛ ብዕርህ ነው። ልጁ ወጥመዱን ለሁሉም ዘርግቶ አንተን ብቻ ሊያወጣህ ፈለገ። አስተማሪው ስለሆንክ፣ ቢያንስ የአንተ አስተያየት እውነት እንዲሆን፣ ጠርቶ ትክክለኛውን አጫወተህ። እዚያው አጠገቡ ሆነህ በስልክህ ጻፍክ። ወጥመዱን የነገረህ ከዚያ በኋላ ነው። ማታ እንግዶችህ ፊት ሊያነበው ነበር።»

ሰብሳቢው ሁለት እጆቹን እያየ «ለመንኩት» አለ። «ልጄ ተው፣ ለአንድ ማታ ብቻ ተው አልኩት። ሰገነቱ ላይ ወጣ። 'ጋሼ፣ አንተ ምን አስፈራህ? ያንተ እኮ እውነት ነው' አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት… በአንድ ማታ… እጄን አነሳሁ፤ እንዲህ ይሆናል አላልኩም።»

«ከዚያ በኋላም ከገዳይነት በላይ አንድ ነገር ሠራህ። የገደልከውን ሰው ደም በዚህች ልጅ ላይ አፈሰስክ፤ ደብዳቤውን ጽፈህ አስፈረምክ። አስተያየቱን መሰረዝ ስለማይቻል እዚያው ተውከው። አልፈራህም፤ ከከሰስካት ልጅ በቀር ጨዋታውን ከፍቶ ከአስተያየትህ ጋር የሚያስተያይ አንድ ሰው በዚህ ማኅበር ውስጥ እንደሌለ ታውቃለህ። ያሠለጠንካቸው አንተ ነህና።»

ሁለት ፖሊሶች በክንዱ ይዘው አስወጡት። በሩ ሳይዘጋ ሠዓሊው ብድግ አለ። እነዚህ ሰዎች ከእፍረት የሚድኑበት ፍጥነት ያስገርማል። «እኔ በበኩሌ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ስለ ጋሼ ሁሌም አንድ ጥርጣሬ ነበረኝ። አሁን ግን እንደ ማኅበር ተቃቅፈን፣ ይቅር ተባብለን…»

አንዳንዶች አጨበጨቡ። አንዲት ሴት ወደ መዶሻ ሄዳ ትከሻዋን ልትዳስስ እጇን ዘረጋች፤ መዶሻ ትከሻዋን አሸሸች። የልቅሶ ድምፅም ተሰማ፣ ከየት እንደመጣ መናገር አያስፈልግም።

እህትየው ያን ጊዜ ተነሳች። ረጅም አይደለችም፤ ግን ስትቆም ጭብጨባው ቆመ። በእጇ ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተለጠፈውን ደብዳቤ ይዛለች፤ ጥጉ ላይ ሙጫው ደርቋል።

«ማቀፍ ይቆየን» አለች። «እኔ ፊደል ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ስሞቹን ግን አንድ በአንድ አንብቤያቸዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ናችሁ። ይህችን ልጅ ነፍሰ ገዳይ ያላችሁት በወንድሜ ስም ነው። እሷ አርባ ደቂቃ ወንድሜ በር ላይ ቆማ አንኳኩታለች። እናንተስ? ስም ስጠራ የተጠራው ይነሳ። ፊቱን ወደ እሷ ያዙር። ከመፈረሙ በፊት የወንድሜን ጨዋታ ለአንዲት ደቂቃ ከፍቶት እንደሆነ፣ ካልከፈተም ምን አይቶ እንደፈረመ፣ እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በአፉ ይመልስ።»

ደብዳቤውን ዘረጋች፤ ጣቷን የመጀመሪያው ስም ላይ አደረገች።

«ሠዓሊው፣ ቆመሃል፤ እንዳትቀመጥ። መልስ!»